ለከተማ የምትበቃ መኪና

፩

ስደተኛ አገር ሲለውጥ ማዕረጉን በሻንጣ ጠቅልሎ አይሄድም። በአገሩ ርእሰ መምህር ይሁን መቶ አለቃ፣ የመሥሪያ ቤት ሹም ይሁን የባላባት ልጅ፣ በአዲሱ አገር የሚጠራው በስሙ ብቻ፣ ያውም ተሰባብሮ ነው። የቀረበትን ማዕረግ የሚተካ ነገር ሲፈልግ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ እጁ የሚገባው መኪና ነው። ስለ አንድ ወገናችን በለቅሶ ቤት ወይም በክርስትና ድግስ ወሬ ሲነሣ፣ «ምን ይሠራል?» ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ፣ አንዳንዴም እሱን ቀድሞ፣ «ምን ይነዳል?» የሚለው ይመጣል። ስለዚህም በመካከላችን የመኪና ምርጫ የነዳጅና የጎማ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ሰው ለራሱ የሚሰጠው ሹመት ነው።

እኔ ሐኪም እንጂ መካኒክ አይደለሁም። ሆኖም ስለ ትንሽ መኪና ለመጻፍ ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛው፣ በአሜሪካ የሐኪምነት ፈቃድ ለማግኘት የሚያስፈልጉትን ፈተናዎች በማጠናበት ዘመን፣ በሲያትል ታኮማ አውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ ካሉት የግል መኪና ማቆሚያዎች በአንዱ፣ ሌሊት ሌሊት የሰው መኪና እያቆምኩ ሁለት ዓመት ገደማ መኖሬ ነው። ያ ሥራ ስለ መኪና ማንም ሻጭ የማይነግረውን ነገር ያስተምራል። ባለቤቱ ለሁለት ሳምንት ሄዶ ሲመለስ የማን መኪና አልነሣም እንደሚል፣ ከማን ሥር የዘይት ኩሬ እንደሚገኝ፣ የማን ፍሬን በቀዝቃዛ ሌሊት እንደሚጮኽ በዐይኔ አይቻለሁ። ውጫዊ ግርማቸው የሚያስፈራ መኪኖች ጎማቸው እስኪሰነጠቅ ሳይለወጥላቸው ሲመጡ፣ ቀለማቸው የደበዘዘ ትናንሽ ኮሮላዎች ደግሞ በአንድ ቁልፍ ምት ሲነሡ ተመልክቻለሁ።

ሁለተኛው ምክንያት ከሐኪም ቤት የመጣ ነው። የደም ግፊቱ አልወርድ ያለውን ሰው ስለ ጨው፣ ስለ እንቅልፍና ስለ መድኃኒቱ ከጠየቅሁት በኋላ፣ «በቀን ስንት ሰዓት ትሠራለህ?» እለዋለሁ። «አሥራ ስድስት» ሲለኝ ለምን እንደሆነ እጠይቃለሁ። ከመልሶቹ መካከል ምን ያህል ጊዜ የመኪና ዕዳ እንደማገኝ ብናገር አንባቢ ያጋነንኩ ይመስለዋል። ወደ ሥራ ለመሄድ መኪና ይገዛል፤ የመኪናውን ዕዳ ለመክፈል ደግሞ ሁለተኛ ሥራ ይይዛል። መኪናው ሰውየውን እየነዳው ነው ማለት ነው።

፪

የልጅነቴ አዲስ አበባ በትናንሽ መኪኖች የተሞላች ከተማ ነበረች። ሰማያዊና ነጭ የተቀባችው ፊያት 600፣ በጣልያንኛ ቁጥሯ ሴይቼንቶ የምንላት፣ ሞተሯ ከኋላ ሆኖ ከአንድ ሊትር በብዙ የሚያንስ ጉልበት ይዛ፣ አምስትና ስድስት ሰው ጭና የቸርችልን ጎዳና እያቃሰተች ትወጣ ነበር። ቮልስም ነበረች። ቮልስ ውኃ የላትም፤ ሞተሯን የሚያቀዘቅዘው አየር ነው። ስለዚህ እንጦጦ ዳገት ላይ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ጀሪካን ይዞ፣ እንፋሎት እስኪወጣለት ከሚጠብቀው ባለ ትልቅ መኪና አጠገብ ቮልስ ረጋ ብላ ስታልፍ ማየት ለእኛ ለልጆች ትልቅ ደስታ ነበር። ከዚያ በኋላ ላዳ መጣች፤ ከዚያም «ዲኤክስ» የምትባለው ኮሮላ፤ ከዚያም ቪትዝ። ቶዮታ ቪትዝን ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ያችኑ መኪና በአውሮፓ ያሪስ ብሎ ሸጣት፤ በ2020 በጃፓንም የቪትዝ ስም ቀርቶ ያሪስ ሆነች። አዲስ አበባ ግን ስሙን አልለቀቀችም። ያገራችን ሰው እነዚህን መኪኖች የመረጠው ትንሽ ነገር ስለሚወድ አይደለም። ሶማሌ ተራ ቢሄድ ዕቃቸውን የሚያገኝላቸው፣ የሰፈሩ መካኒክ ዐይኑን ጨፍኖ የሚፈታቸው፣ በሚሸጥበትም ቀን ገንዘቡን የሚመልሱለት እነሱ ስለሆኑ ነው። የመኪና ጥበብ ዋናው ክፍል ይህ ነው፤ የተማርነውም አሜሪካ ከመምጣታችን በፊት ነው።

እኔ አዲስ አበባን የለቀቅሁት በዐሥር ዓመቴ ነው። በሶማሊያ ወረራ ጊዜ ከወደቁት ወታደሮች ልጆች ጋር ወደ ኩባ፣ ወደ ወጣቶች ደሴት ተልኬ አድጌ፣ በኋላም ሀቫና ውስጥ ሕክምና ተማርኩ። ላዳን ያወቅሁት እዚያ ነው። ከላዳ ጎን ደግሞ ኩባውያን «ፖላኪቶ» የሚሏት፣ ፖላንድ ውስጥ የምትሠራዋ ፊያት 126 ነበረች፤ ሞተሯ 650 ሲሲ ገደማ የሆነ፣ ረጅም ሰው ከገባባት ጉልበቱ ከመሪው ጋር የሚጣላባት መኪና። ቀይ መስቀል ተለጥፎባት የሐኪም መኪና ስትሆን አይቻታለሁ።

ከዚያ ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1991 ፈረሰ፤ ነዳጁም ቆመ። ኩባውያን «ልዩ ዘመን» ብለው የሰየሙት ጊዜ መጣ። መንግሥት ከቻይና ከአንድ ሚሊዮን በላይ ብስክሌት አስመጣ። ላዳዎቹ በየደጁ ቆሙ፤ ፕሮፌሰሮቻችን ሳይቀሩ ሱሪያቸውን በቁርጭምጭሚታቸው ላይ አስረው ብስክሌት እየነዱ ወደ ሆስፒታል ይመጡ ጀመር። እኔም ለተግባር ልምምድ በየጠዋቱ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር በብስክሌት እሄድ ነበር። በኋላ ተመራማሪዎች የዚያን ጊዜ መዝገቦች መርምረው ውጤቱን በ2013 በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት አሳተሙ። የሕዝቡ ክብደት በአማካይ በአምስት ኪሎ ገደማ ቀንሶ ነበር፤ ከዚያ ተከትሎ በስኳርና በልብ ሕመም የሚሞተው ሰው ቁጥር ወረደ፤ ክብደቱ ሲመለስ ደግሞ የስኳር ሕመም ተመልሶ መጣ። ይህን የማነሣው ረሃብን ለማወደስ አይደለም። በዚያው ዘመን ከሃምሳ ሺህ በላይ ኩባውያን በምግብ እጥረት ምክንያት የዐይን ነርቫቸው ተጎድቷል፤ እንዲህ ያሉ ታማሚዎችን አንብበን ሳይሆን አይተን ነው የተማርነው። የማነሣው ለሌላ ነገር ነው። መኪና ለሰውነታችን ምን እንደሚያደርግ በአንድ አገር ሙሉ ሕዝብ ላይ ተለክቶ የታየበት አጋጣሚ በዓለም ላይ ጥቂት ነው። የትኛውም መኪና፣ ትንሽም ሆነ ትልቅ፣ ከሁሉ አስቀድሞ መቀመጫ ነው። ሐኪም ስለ መኪና ወጪ ሲያሰላ ይህንንም በወጪው ዝርዝር ውስጥ ያስገባዋል።

፫

ቱክዊላ ከሲያትል በስተደቡብ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ከተማ ተብላ የተቋቋመችው እ.ኤ.አ. በ1908 ሲሆን፣ ስሟ በቺኑክ የንግድ ቋንቋ የሐዘልነት ዛፍ ከሚበቅልበት ምድር የመጣ ነው። በ2020 ቆጠራ ሕዝቧ ሃያ ሁለት ሺህ አልሞላም። ሁለት ታላላቅ አውራ ጎዳናዎች በላይዋ ይገናኛሉ፤ አውሮፕላኖች ሆዳቸውን እያሳዩ በጣሪያዎቿ ላይ ያልፋሉ። ኢንተርናሽናል ቡልቫርድ በሚባለው መንገድ ዳርና ዳር እንጀራ ቤት፣ የሶማሌ ሻይ ቤት፣ ገንዘብ መላኪያና ያገለገለ መኪና መሸጫ ተደርድረዋል። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2009 ጀምሮ የቀላል ባቡር ጣቢያ ስላላት፣ መሐል ሲያትል ለሚሠራ ሰው መኪና ፈጽሞ ላያስፈልገው ይችላል። ከ2024 ክረምት ማብቂያ ጀምሮ የባቡሩ ዋጋ ርቀት ሳይለይ 3 ዶላር ሆኗል። መኪና ልግዛ ብሎ የሚያማክረኝን ሰው ሁሉ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንኑ ነው፦ ሥራህ የት ነው? በስንት ሰዓት ትገባለህ?

በኩባ አብሮኝ ያደገ፣ በኋላም ወደ አገሩ የተመለሰ ወዳጄ ልጅ በ2022 በዲቪ ዕጣ ወደዚህ መጣ። ሥራው ኬንት ሸለቆ ውስጥ ካሉት መጋዘኖች በአንዱ ነው፤ የሚገባውም ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነው። በዚያ ሰዓት ባቡር የለም። በሰው መኪና ተዳብሎ ዓመት ተኩል ሠራ። በ2024 መጀመሪያ አዲስ አበባ ሄዶ እጮኛውን አግብቶ ተመለሰ። ሚስቱን ለማምጣት የሚገባው ማመልከቻ በዚያ ዓመት በወጣው ታሪፍ በኢንተርኔት ሲሞላ 625 ዶላር ነበር፤ ተራው ሲደርስ ለቪዛው ሌላ 325፣ ለድጋፍ ሰነዱ ደግሞ 120 ይከፈላል፤ የሕክምና ምርመራውና የአውሮፕላኑ ትኬት ገና ከዚያ ወዲያ ናቸው።

በዚያው ዓመት መስከረም ላይ አንድ ቅዳሜ ቤቴ መጣ።

«ጋሼ፣ መኪና ላወጣ ነው» አለኝ። ስልኩን ከፍቶ ፎቶ አሳየኝ። ሰባት ሰው የምትይዝ፣ ጥቁር፣ ትልቅ መኪና ናት።

«ስንት ናት?»

«ወር በወር 456 ዶላር ብቻ ናት።»

ዋጋዋን ነበር የጠየቅሁት። እሱ የነገረኝ የወሩን ክፍያ ነው። ይህ የልጁ ጥፋት አይደለም፤ ሻጮቹ እንዲህ ብለው ነው የሚያስተምሩት። ወረቀት አምጥተን አብረን አሰላን። መኪናዋ 20,000 ዶላር ናት። በዚህ አገር ገና የብድር ታሪክ ስለሌለው የተጠየቀው ወለድ በዓመት 18 በመቶ፣ የመክፈያው ጊዜም 72 ወር ነው። 456ን በ72 ሲያባዙት ከ32,800 ዶላር በላይ ይሆናል። ወለዱ ብቻ 12,800 ዶላር ገደማ ነው፤ በዚያ ገንዘብ ደህና ትንሽ መኪና በጥሬ ገንዘብ ይገዛል። ስድስት ዓመት ሲያልቅ ደግሞ መኪናዋ አሮጌ ናት።

ቀጥለን ነዳጁን አሰላን። በዓመት 10,000 ማይል ይነዳል እንበል፤ ጋሎኑንም በ4 ዶላር ከ50 ሳንቲም እንያዘው። በአንድ ጋሎን 18 ማይል የምትሄደው ትልቅ መኪና በዓመት 2,500 ዶላር ትጠጣለች። 30 ማይል የምትሄደው ኮሮላን የመሰለች መኪና 1,500 ትጠጣለች። 50 ማይል የምትሄደው ሃይብሪድ ደግሞ 900። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ከ30 ወደ 50 የሚደረገው ዝላይ ከ18 ወደ 30 ከሚደረገው የሚበልጥ ይመስላል፤ በገንዘብ ግን የሚያተርፈው 600 ዶላር ሲሆን፣ የመጀመሪያው 1,000 ያተርፋል። ላሪክና ሶል የተባሉ ሁለት የዱክ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በ2008 በሳይንስ መጽሔት ላይ የጻፉት ስለዚሁ የዐይን ማታለል ነበር። ትርጉሙ ለእኛ ቀላል ነው፦ ትልቁን መኪና መተው ራሱ ከትርፉ የሚበልጠውን ያስገኛል፤ ከትናንሾቹ መካከል የትኛዋ ትሻላለች የሚለው ሁለተኛ ጥያቄ ነው።

ከዚያ ቦሎው አለ። የዋሽንግተን ግዛት የገቢ ግብር የለውም፤ በመኪና ላይ ግን እጁ ይረዝማል። በ2016 ሕዝቡ ለባቡሩ ማስፋፊያ ድምፅ ከሰጠ ወዲህ፣ ቱክዊላን በመሰሉ በባቡሩ ክልል ውስጥ ባሉ ከተሞች መኪናው ከተገመተበት ዋጋ ላይ በዓመት 1.1 በመቶ ይከፈላል። 20,000 ተብሎ ለተገመተ መኪና 220 ዶላር መሆኑ ነው፤ ግምቱም የገበያው ሳይሆን የግዛቱ የራሱ ሠንጠረዥ ነው። ሃይብሪድ ለሆነ በዓመት 75 ዶላር፣ ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ ለሚሄድ ደግሞ 225 ዶላር ይጨመራል። ኢንሹራንሱም አይረሳ። በብድር የተገዛ መኪና ሙሉ ኢንሹራንስ እንዲገባለት አበዳሪው ያስገድዳል፤ አዲስ መጤ ወጣት ደግሞ በዚህ አገር የመንዳት ታሪክ ስለሌለው ከሁሉ የሚበልጠውን የሚከፍል እሱ ነው።

ልጁ ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አየ። «እናቴ ፎቶዋን አይታ ተደስታ ነበር» አለ በመጨረሻ።

ይህን አባባል ቀላል አድርጌ አላየሁትም። አዲስ አበባ ያለች እናት ልጇ ሰው ሆነ የምትልበት ማስረጃ ያስፈልጋታል፤ ለጎረቤት የምታሳየው ፎቶ ከንቱ ነገር አይደለም። ግን በዚያች ከተማ ሌላም ሴት አለች፤ ማስረጃ ሳይሆን ባሏን የምትጠብቅ። «ሚስትህ የሚጠቅማት የትኛው ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። አልመለሰልኝም፤ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው።

፬

በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሶ መጣና ትንሽ መኪና መፈለግ ጀመርን። በዚህ አገር ትንሽ መኪና መፈለግ የራሱ ጣጣ አለው። አሜሪካኖች ፊታቸውን ወደ ረጃጅሞቹ መኪኖች ስላዞሩ፣ ሆንዳ ፊትና ቶዮታ ያሪስ በ2020፣ ሸቭሮሌ ስፓርክና ህዩንዳይ አክሰንት በ2022፣ ኪያ ሪዮ በ2023 ከአሜሪካ ገበያ ወጥተዋል። ስለዚህ የሚገኘው ያገለገለ ነው።

ያገለገለ ሲገዛ ሐኪሙ በእኔ ውስጥ ይነቃል። እውነቱ አይሸሸግም፦ ትንሽ መኪና ከትልቅ መኪና ጋር ስትጋጭ የፊዚክስ ሕግ የሚያደላው ለከባዱ ነው። በድንገተኛ ክፍል ያገለገለ ሰው ይህን አይከራከርም። ነገር ግን ትንሽ መኪና ሁሉ እኩል አይደለም። መኪና በዝናብ መንገድ ስትንሸራተት የእያንዳንዱን ጎማ ፍሬን ለብቻው እየያዘ ወደ መስመሯ የሚመልሳት ኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ፣ ከ2012 ሞዴል ጀምሮ በአሜሪካ በሚሸጥ ተሳፋሪ መኪና ሁሉ ግዴታ ሆኗል። ዘጠኝ ወር ሙሉ በሚያካፋባት በሲያትል ይህ ከቆዳ ወንበር ይበልጣል። ስለዚህ ከ2012 ወዲህ የተሠራ ይሁን አልን።

ሁለተኛው ኤርባግ ነው። ታካታ የተባለው ኩባንያ የሠራቸው ኤርባጎች፣ የሚነፋቸው አሞኒየም ናይትሬት በሙቀትና በእርጥበት ብዛት እየተበላሸ፣ በግጭት ጊዜ የብረት ስብርባሪ በነጂው ፊትና አንገት ላይ ስለሚረጩ፣ በአሜሪካ ብቻ 67 ሚሊዮን ገደማ እንዲለወጡ ታዝዟል። በአነስተኛ ዋጋ የሚገኙት የ2000ዎቹ ትናንሽ መኪኖች ብዙዎቹ በዚህ ውስጥ ናቸው። ለውጡ በነፃ ነው፤ የመኪናውን 17 ፊደልና ቁጥር በፌዴራሉ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ገጽ ላይ አስገብቶ መጠየቅ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። መኪና ከማየቴ በፊት ይህን ቁጥር ላክልኝ የምለው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ሌባ ነው። ከ2011 እስከ 2021 የተሠሩ ብዙ ኪያዎችና ህዩንዳዮች፣ በተለይ በቁልፍ የሚነሡት ርካሾቹ፣ የተሳሳተ ቁልፍ ሲገባ ሞተሩን የሚከለክለው መሣሪያ አልነበራቸውም። ካናዳ ይህን መሣሪያ ከ2007 ጀምሮ ግዴታ ስታደርግ አሜሪካ አላደረገችም። ዘዴው በቪዲዮ ከተሰራጨ በኋላ ስርቆቱ እጅግ ስለበዛ፣ የሲያትል ከተማ በጥር 2023 ሁለቱን ኩባንያዎች ከስሳለች። የፕሪየስም ፈተና ሌላ ነው፤ ከ2004 እስከ 2009 የተሠሩት በማርሚታቸው መስመር ላይ ላለችው ካታሊቲክ ኮንቨርተር ሲባል በሌሊት ሥራቸው በመጋዝ ሲቆረጥ ኖሯል። በውስጧ ፓላዲየምና ሮዲየም የተባሉ ውድ ማዕድናት አሉባት። ጠዋት ሞተሩን ሲያስነሣ እንደ አንበሳ የሚያገሳ ታክሲ ይዞ ወደ ጋራዥ የሄደ ወገን በሠፈራችን ጥቂት አይደለም።

የኤሌክትሪክ መኪናም አስበን ነበር። ዋሽንግተን አብዛኛው መብራቷ ከውኃ ግድብ ስለሚመጣ ርካሽ ነው፤ የሲያትል አየር ለባትሪ ይስማማል። ነገር ግን ልጁ የሚኖረው በኪራይ አፓርታማ፣ ሁለተኛ ፎቅ ነው፤ መሰኪያ የለውም። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተነሥቶ ሥራ የሚገባ ሰው በየገበያ አዳራሹ ደጅ ባትሪ እስኪሞላ ቁጭ ይበል ማለት ከእንቅልፉ መቁረጥ ነው። መድኃኒት ጥሩ ስለሆነ ብቻ ለሁሉም አይታዘዝም።

፭

በመጨረሻ ያገኘናት የ2014 ፕሪየስ ሲ ናት፤ ከፕሪየስ ቤተሰብ ትንሿ። በአንድ ጋሎን 50 ማይል ትሄዳለች፤ ከአውራ ጎዳና ይልቅ ከተማ ውስጥ ይሻላታል። ይህ ለብዙ ሰው እንቆቅልሽ ነው። ሌላ መኪና ፍሬን በተያዘ ቁጥር የፍጥነቱን ጉልበት ሙቀት አድርጎ ይበትነዋል፤ ሃይብሪድ ግን ያንኑ ጉልበት በሞተሩ በኩል ወደ ባትሪ መልሶ ያስገባዋል፤ መብራት ላይ ሲቆምም ሞተሩ ይተኛል። ስለዚህ መቆምና መነሣት የበዛበት መንገድ የሚያከስራት ትልቁን መኪና ነው። የፍሬን ሸራዋም ዕድሜው ይረዝማል።

ባለቤቷ የጠየቁት 8,300 ዶላር ነበር፤ የሄደችው 96,000 ማይል። ሳንገዛ በፊት ለምርመራ 150 ዶላር ከፍለን ለአንድ ወገናችን መካኒክ አሳየናት። ይህን ገንዘብ የሚሰስት ሰው ያስገርመኛል፤ ሳይመረመር የሚታከም በሽተኛ የለምና። መካኒኩ ከሥሯ ተኝቶ ወጥቶ ሦስት ነገር ነገረን። ሁለት ጎማ አርጅቷል። ትንሿ ባትሪ ደክማለች። ከኋላ ወንበር አጠገብ ለትልቁ ባትሪ አየር የሚያስገባው ቀዳዳ በአቧራና በውሻ ጠጉር ተደፍኗል። «ሰው ባትሪው ሞተ ብሎ ሁለት ሺህ ዶላር የሚያወጣው ብዙ ጊዜ ይህን ባለመጥረግ ነው፤ ባትሪም ይታፈናል» አለን። ሻጯ ይህን ሲሰሙ 400 ዶላር ቀነሱልን። የትልቁ ባትሪ የስምንት ዓመት ዋስትና አልፏል፤ ስለዚህ ልጁ ለዚያ ቀን በየወሩ 50 ዶላር እንዲያስቀምጥ ተስማማን።

ገንዘቡ ከየት መጣ? 4,000 ዶላር ነበረው፤ ለትልቋ መኪና ቀብድ ያጠራቀመው ነው። የቀረውን የሞላው እቁብ ነው። አሥራ ሁለት ሆነው በወር 400 ዶላር የሚጥሉ የሠፈራችን ሰዎች አዲስ ዙር ሊጀምሩ ነበር፤ ዳኛዋን ሄደን አነጋገርናቸው፤ እኔ ዋስ ሆንኩ፤ የመጀመሪያውን ዕጣ ለእሱ ለቀቁለት። 4,800 ዶላር ያለ አንዲት ሳንቲም ወለድ። ግብሩንና የስም ማዛወሪያውን ጨምሮ ሁሉም ተከፈለ። ባንኩ 18 በመቶ የጠየቀው ልጁን ስለማያውቀው ነው። እቁቡ ግን ያውቀዋል፤ ባያውቀው እንኳ ዋሱን ያውቃል። አባቶቻችን ያወረሱን የብድር ታሪክ ይህ ነው፤ በየትኛውም የአሜሪካ መዝገብ ውስጥ አይገባም፤ ነገር ግን በወር 456 ለስድስት ዓመት መክፈልና በወር 400 ለአንድ ዓመት መክፈል ምን ያህል እንደሚለያዩ ለማወቅ መዝገብ አያስፈልግም።

ሰው አልሳቀበትም አልልም። ከሥራ ባልደረቦቹ አንዱ «ሚስትህን በዚች ነው ከኤርፖርት የምታመጣት?» ብሎታል። እኔም የምነዳት የ2012 ያሪስ፣ የቪትዝ እኅት፣ በሐኪም ቤቱ ግቢ ከባልደረቦቼ መኪኖች መካከል ስትቆም የተረሳች የልጅ ጫማ ትመስላለች። አንዲት እናት ከሕክምና ሲወጡ አይተዋት፣ «ልጄ፣ ደመወዝ አይከፍሉህም እንዴ?» ብለውኛል። «ይከፍሉኛል እማማ፤ ለመኪና ነው የማልከፍለው» አልኳቸው። ስቀው፣ «እንዲያ ከሆነስ ደግ» ብለው መረቁኝ።

በአገራችንም ነገሩ እየተለወጠ ነው። በ2020 በወጣው የኤክሳይስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባት እጅግ ተወደደ፤ በጥር 2024 ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገባ መከልከሉ ተነገረ፤ ከዓለም አገሮች የመጀመሪያው ነው ተባለ። ዕድሜዋን ሙሉ ነዳጅ በዶላር ስትገዛ ለኖረች፣ በመስከረም 2025 ደግሞ ታላቁን ግድብ ላስመረቀች አገር ስሌቱ ይገባኛል። ሆኖም ወደ አዲስ አበባ የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ብዙዎቹ ትልልቅ መሆናቸውን ስሰማ፣ የሴይቼንቶና የቪትዝ ከተማ የጥንቱን ጥበቧን ከነዳጁ ጋር አብራ እንዳትጥለው እሰጋለሁ። ጥያቄው በአዲስ አበባም በቱክዊላም አንድ ነው፦ መኪናው ስንት ያወጣል ሳይሆን፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ከቤተሰቡ ምን ይወስዳል?

እቁቡ በ2025 መስከረም ዙሩን ጨረሰ፤ ልጁም አንድ ወር ሳያጓድል ከፈለ። ሁለተኛ ሥራ አልያዘም፤ ከሰዓት በኋላ የነርስ ረዳትነት ትምህርት ይማራል፤ የደም ግፊቱም እንደ ዕድሜው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ መኪናዋን አቁሞ በግሪን ወንዝ ዳር በእግሩ ይሄዳል፤ ይህን ያዘዝኩለት እኔ ነኝ። የሚስቱ ማመልከቻ መኪናዋ በተገዛች በሦስተኛው ሳምንት ገብቷል። አሁን ተራውን እየጠበቀ ነው።